4 ኪሎ ያለችው ኮፒ ቤት፦ ከ10 6 ተኩል፣ በዚሁ ትቀጥል

ሁሉም ሰው ስለ ካፌና በርገር ቤት ነው ሚጽፈው፣ እኔ ዛሬ ስለ ኮፒ ቤት ልጽፍ ነው። ከበርገር ቤት በላይ ምንመላለስበት እኮ ኮፒ ቤት ነው፣ ፋይዳ ፕሪንት ለማድረግ፣ የትምህርት ማስረጃ ኮፒ ለማስደረግ፣ ማመልከቻ ለማስጻፍ፣ ብቻ ቢሮ ያለበት ጉዳይ ሁሉ መነሻው እዛ ነው።

ቤቷ 4 ኪሎ ከሳይንስ ፋኩልቲው ብዙም ሳትርቅ ውስጥ ለውስጥ ገባ ብላ ነው ያለችው። ታፔላዋ ላይ እስካሁን «ፋክስ» ይላል፣ ፋክስ ግን የለም። ሁለት ሰው ከገባ ሶስተኛው በር ላይ ይቆማል፣ ወንበር ሚባል ነገር አትጠብቁ። ኮፒ ማሽኑ ወረቀቱ ዳር ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ያሰምራል፣ ላሚኔሽኑም አንዳንዴ አየር ይዞ አረፋ ይሰራል። ከለር ፕሪንቱማ ባይነሳ ይሻላል፣ ፊት ሁሉ ብርቱካናማ ነው።

ይሄን ለአንድ ጓደኛዬ ሳወራው (በየፎቁ ስልጠና ሚሰጥ ዓይነት ሰው ነው) «ማንኛውም ቢዝነስ ለልህቀት ካልሰራ ይሞታል» አለኝ። አልተስማማሁም። እቺ ቤት ለልህቀት ስትሰራ አይቼ አላውቅም፣ ሰልፏ ግን አይጠፋም፣ ምክንያቱም ሰው የሚፈልግባት ነገር ሌላ ነው። የቀበሌ ሰው ዳር ላይ ያለ መስመር አይቶ ኮፒህን አይመልስብህም፣ ማህተሙና ስሙ ከተነበበ አለቀ።

ሚገርመኝ ግን የትኛው ላይ እንደማይቀልዱ ማወቃቸው ነው። ሂሳብ ከፍላችሁ ልትወጡ ስትሉ ጽሁፍ ምትሰራው ልጅ ቀና ሳትል «ኦርጅናሉን ይዘዋል?» ትላለች፣ ለሁሉም ሰው፣ ሁሌም። ከጠረጴዛው ስር አንድ የጫማ ካርቶን አለ፣ ማሽኑ ክዳን ስር ተረስተው የቀሩ መታወቂያዎች፣ የልደት ካርድ፣ አንድ ዲግሪም አይቻለሁ (ዲግሪውን የረሳው ሰው እስካሁን ሥራ እየፈለገ ነው መሰለኝ)። ባለቤቱ እስኪመጣ አይጣልም።

ደግሞ አንድ ቀን አንድ አባት የእድራቸውን የድሮ መተዳደሪያ ደንብ በፍላሽ ይዘው መጡ፣ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ትርምስ ነው። ልጅቷ ገና ስታየው «አባባ ችግር የለውም፣ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ነው» ብላ ፎንቱን ስትቀይረው ደንቡ ከነአንቀጹ ቁጭ አለ። የኛ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደሎች በኮምፒውተር ሚጻፉበት የጋራ ኮድ) ውስጥ የገባው በፈረንጅ 1999 ነው፣ ከዛ በፊት የወጡት ሶፍትዌሮች የላቲኑን ፊደል ቦታ ተውሰው ነበር ሚሰሩት፣ ስለዚ ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ሚታየው ትርምስ ነው። አባባ ሰነዱ ጠፋ ብለው ደንግጠው ነበር የመጡት። ያስከፈሏቸው የፕሪንቱን ብቻ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ አንዴ ፎቅ ላይ ያለ ትልቅ ማተሚያ ቤት (ስሙ ይቅር) የቢሮ ሰነድ ወስጄ ነበር። ቁጥር ሚጠራ ስክሪን፣ ኤሲ፣ የታሸገ ውሃ፣ ግድግዳው ላይ «ልህቀት መለያችን» ምናምን። ፎንቱ እነሱ ጋር ስላልነበረ ኮምፒውተሩ በራሱ ሌላ ተካበት፣ ሰንጠረዡ ከገጽ ገጽ ተገፍቶ ማውጫው ሁሉ ተሳሳተ፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያይ በሚያብረቀርቅ ሽፋን አሳምረው ጠርዘው ሰጡኝ። ጥረዛው እውነት ለመናገር ያምራል።

ካይዘንን (ከጃፓን የመጣውን የአሰራር ማሻሻያ ዘዴ) ልተች አይደለም፣ ኢንስቲትዩቱ በ2004 ዓ.ም ከተቋቋመ ጀምሮ 5ቱን ማዎች ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት ምናምን እያልን በየመስሪያ ቤቱ ለጥፈናል፣ ሀሳቡም በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ማሻሻል ነው እንጂ ሁሉ ነገር አንደኛ ይሁን አይደለም። የጫማ ካርቶኗ ለኔ ከፖስተሩ በላይ ካይዘን ነች። ፒያሳ ቶሞካን ብታዩት ደግሞ በፈረንጅ ከ1953 ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ ቡናው ላይ ቀልድ የለም፣ መቀመጫ ግን አልተጨነቁበትም፣ ቆማችሁ ትጠጣላችሁ፣ ማንም ቅር አይለውም።

በርግጥ ፋርማሲ ወይም ፍሬን ሚሰራ መካኒክ «ይሄም ይበቃል» ቢለኝ ሮጬ ነው ምወጣው። ኮፒ ቤትና ፋርማሲ ግን አንድ ሚዛን ላይ ለምን ይወጣሉ?

አንዴ ደግሞ አንዲት እናት የልጃቸውን የምርቃት ፎቶ በከለር ሊያሳትሙ መጥተው ልጅቷ «ማዘር እኛ ጋር አያምርሎትም፣ ዋናው መንገድ ላይ ያሉት ጋር ይሂዱ» ስትላቸው ሰምቻለሁ። ገንዘብ መልሶ ሚልክ ቤት ስንት አለ በዚህ ከተማ።

6 ተኩል የሰጠሁት ግማሹን ነጥብ ለካርቶኗ ነው። የቀነስኩት በፍላሹ ነው፣ እነሱ ኮምፒውተር ላይ የተሰካ ፍላሽ ሾርትከት ቫይረስ ይዞ ነው ሚመለሰው፣ ይሄን እንኳን ማስተካከል አለባቸው፣ የሰው ፋይል ነው። እስከዛው በቴሌግራም ላኩላቸው፣ ቴሌብር ይቀበላሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ጥናታዊ ጽሁፍ ሚያስጠርዙበት ሰሞን ግን በጠዋት ካልሆነ አትሞክሩት።