ሆንግ ኮንግ አንድ ቀን ካላችሁ፦ ኬብል ካሩ፣ የተራራው ትራም ወይስ የ5 ዶላሩ ጀልባ?

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ደወለልኝ። ጥያቄው አንድ ነው፦ "ጓንጁ ዕቃ ላመጣ ነው፣ በሆንግ ኮንግ ነው የማልፈው፣ አንድ ቀን አለኝ፣ ምን ልይ?" ለአራቱም በቮይስ እያወራሁ ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ እኔ የስታር ፌሪ፣ የ5 ዶላሯ ጀልባ ሰው ነኝ። ገለልተኛ ሆኜ አወዳድራለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ዝም ብዬ አይደለም፣ ከኪሴ ወጥቶ ነው የተማርኩት።

ከዚህ በታች ዶላር ስል የሆንግ ኮንጉን ነው፣ የአሜሪካው አንዱ ወደ 7.80 ይመነዘራል፣ ከ1983 ጀምሮ እዛው አካባቢ አስረው ነው የያዙት፣ ስለዚህ ለ8 እያካፈላችሁ አስቡት ይበቃል። ዋጋዎቹን ደግሞ ግምት አድርጋችሁ ያዙ፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምራሉ።

የመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት ሚያዝያ ነበር። አንድ ሰፊ መንገድ ላይ ሻንጣዬን እየጎተትኩ አንዱ ያዘኝ፣ ልብስ ልስፋልህ ከሚሉትና ኮፒ ሰዓት ከሚሸጡት መሃል፣ ሶስት በአንድ የሆነ ፓኬጅ አለኝ አለ፣ የተራራው ትራም፣ ጫፉ ላይ ያለው ማያ ሰገነት፣ ማታ ደግሞ የጀልባ ሽርሽር፣ ሁሉም በ600 ዶላር። ፎቶ አሳየኝ፣ ሸራ የዘረጋ የድሮ የቻይና እንጨት መርከብ፣ ከኋላው ፎቆቹ ሲያበሩ። እኔ መርካቶ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ 600 ያለኝን 480 አስገባሁት፣ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። የተበላሁት እዛ ጋ ነው፣ ተከራክሬ ስላስቀነስኩ ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ተራራው ላይ ስወጣ ነጭ። በቃ ነጭ። የእንጦጦን የሐምሌ ጉም ታውቁት የለ፣ እሱ ነው። ከተማው የለ፣ ባሕሩ የለ፣ የቆምኩበት አጥር ራሱ በግድ ነው የሚታየው። ጎኔ አንዲት እናት ልጇን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የከተማው ፎቶ ፊት አቁማ ታነሳታለች፣ ብልህ ናት። ማታ ደግሞ ጀልባው ሲመጣ ሸራ የሚባል ነገር የለውም፣ ነጭ ፋይበር ጀልባ፣ ጎኑ ላይ ዘንዶ ስለዋል፣ ውስጡ የፕላስቲክ ወንበርና ለስላሳ መጠጥ በብርጭቆ። ፎቶው ኦርጅናል ዕቃው ፎርጅድ። በማግስቱ ሰውየውን ፍለጋ ሄድኩ፣ አገኘሁትም፣ አላወቀኝም።

ሻንጣ ተሸክሜ ወዲያ ማዶ መሻገር ስለነበረብኝ ነው እንግዲህ ስታር ፌሪ ላይ የወጣሁት፣ ለመጓጓዣ እንጂ ለማየት አይደለም። አምስት ዶላር ምናምን። እና ትላንት በ480 የተሸጠልኝ ነገር በሙሉ፣ ከነፎቆቹ ከነባሕሩ ከነንፋሱ፣ እዛ ነበር ቁጭ ብሎ የሚጠብቀኝ።

ጀልባዋን ላስረዳችሁ። ከታች አረንጓዴ ከላይ ነጭ ቀለም፣ ሁለት ፎቅ። ድርጅቱ ከ1888 ጀምሮ አለ። ከጺም ሻ ጹይ ተነስታ ወደብ ተሻግራ ማዶ ደሴቱ ላይ ወዳሉት ሴንትራል ወይም ዋን ቻይ ሰፈሮች ነው፣ አስር ደቂቃ አይሞላም። የእንጨቱ ወንበር መደገፊያው ይገለበጣል፣ ጀልባዋ ዞራ አትመለስም፣ ፊትና ኋላዋ አንድ ነው፣ ስለዚህ ሰው ሲገባ መደገፊያውን ቀጭ አድርጎ ወደሚሄድበት ያዞረዋል። እኔ አላወቅኩም፣ ወደ ኋላ ዞሬ ቁጭ ብዬ፣ አንድ ሽማግሌ ምንም ሳይናገሩ ተነስ በሚል እጅ አስነስተውኝ፣ ገልብጠውልኝ፣ ጋዜጣቸውን ቀጠሉ። ስትደርሱ ሰማያዊ የባሕረኛ ልብስ የለበሰው ሰውዬ በረጅም ሜንጦ ገመዱን ከወደቡ ሲጠልፍ ተመልከቱት፣ አንዴ ነው የሚወረውረው፣ አይስትም። ከዛ መሸጋገሪያው ሳንቃ ጓ ብሎ ይወርዳል፣ የናፍጣ ሽታ፣ ሁሉም ይሮጣል።

የላይኛው ፎቅና የታችኛው በአንድ ዶላር ገደማ ይለያያሉ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ትንሽ ትወደዳለች። ላይ ውጡ። አንድ ዶላር ለመቆጠብ ታች ሞተሩ አጠገብ አትቀመጡ፣ እዚህ ጋ መቆጠብ አይደለም። ለነገሩ ይቺ ዋጋ ቀልድ አይደለችም፣ በ1966 የአንደኛ ማዕረጉ ከ20 ሳንቲም ወደ 25 ሳንቲም ይጨምር ሲባል አንድ ወጣት ጣቢያው ጋ የረሃብ አድማ መታ፣ ከዛ ከተማው ለቀናት ታመሰ። በአምስት ሳንቲም! የታክሲ ታሪፍ ሲጨመር እኛ ሰፈር የሚሆነውን የምታውቁ ይገባችኋል። አሁንም ቢሆን ያንኑ ባሕር ከስሩ ከሚሻገረው ባቡር በግማሽ ያህል ትረክሳለች።

እሺ፣ የተራራው ትራም፣ ፒክ ትራም የሚሉት። የሚገርመው እሱም በ1888 ነው የጀመረው፣ እኩዮች ናቸው። ግን ደርሶ መልስ ወደ 100 ዶላር ነው፣ ሰው በሚበዛበት ቀን ከዛም ያልፋል፣ ሰገነቱን ስትጨምሩበት ደግሞ ሌላ ሃምሳ ምናምን። ማለት በአንድ የትራም ደርሶ መልስ ጀልባዋን ሃያ ጊዜ ትሻገራላችሁ። መጥፎ ነው አልልም፣ በ2022 አድሰውት አዳዲስ ፉርጎ ገብቶለታል፣ 210 ሰው ይይዛል፣ ዳገቱ አንዳንድ ቦታ ከ25 ዲግሪ በላይ ስለሆነ በመስኮት ስታዩ ፎቆቹ ወደ ተራራው የሚወድቁ ይመስላል፣ እሷ ነገር ታስቃለች። ግን ጉዞው ራሱ ደቂቃዎች ናቸው፣ ሰልፉ ደግሞ በበዓል ሰሞን ሰዓት ይበላል።

ማንም የማይነግራችሁ ነገር ይኸውላችሁ፦ 15 ቁጥር አውቶብስ ከሴንትራል ተነስቶ እዛው ተራራ ላይ ያወጣችኋል፣ ከአስር ዶላር ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ። ላይኛው ፎቅ ፊት ለፊት ወንበር ከያዛችሁ መንገዱ እየተጠማዘዘ አንዴ ባሕሩ አንዴ ገደሉ፣ ዛፉ መስታወቱን እየመታ፣ ከትራሙ ይልቅ እሱ ነው ሽርሽር። የሚከፈልበት ሰገነት 428 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ብለው ይጽፉበታል፣ ጎኑ ያለው የገበያ አዳራሽ ጣሪያ ግን በነጻ ነው የሚወጣው፣ ወይ ደግሞ ሉጋርድ መንገድ የሚባለውን የእግር መንገድ ያዙና አስራ አምስት ሃያ ደቂቃ ሂዱ፣ ዛፉ ይከፈትና ወደቡ በሙሉ እግራችሁ ስር ነው። ዙሪያውን ከዞራችሁት 3.5 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሜዳ ነው፣ እናቴን ይዤ ብሄድ ትዞረዋለች።

እና ከመውጣታችሁ በፊት ዝም ብላችሁ ከታች ቀና በሉ። ጫፉ ካልታየ አትውጡ፣ ጫፉ ካልታያችሁ ከጫፉም እናንተ ምንም አታዩም። መጋቢትና ሚያዝያ ጉም ነው፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው ጥርት የሚለው። አስቀድማችሁ ትኬት ከገዛችሁ ጉሙ አይመለስላችሁም፣ ብሩም አይመለስላችሁም፣ እኔን ጠይቁኝ።

ዲንግ ዲንግ። ይሄ የከተማው ተራ ትራም ነው፣ ከ1904 ጀምሮ የሚሄድ፣ ፎቅ ያለው፣ ደወሉን ሲመታ ነው ስሙ የወጣለት። ሦስት ዶላር ከምናምን፣ ሁለት ፌርማታ ብትሄዱም ዳር እስከ ዳር ብትሄዱም ያው። ከኋላ ገብታችሁ በፊት ስትወርዱ ነው የምትከፍሉት፣ መልስ የለም፣ ዝርዝር ያዙ ወይ ኦክቶፐስ የሚባለውን ገንዘብ እየተሞላ የሚከፈልበት ካርድ። ኖርዝ ፖይንት የሚሄደውን ያዙና ላይ ወጥታችሁ መጨረሻ ድረስ ሂዱ፣ መጨረሻው ላይ ትራሙ ገበያ ውስጥ ይገባል፣ ገበያው አጠገብ አይደለም፣ ገበያው ውስጥ፣ አትክልትና ዓሳ ሻጮቹ መሃል፣ ሰው ሃዲዱ ላይ ቆሞ ጎመን ይመርጣል፣ ደወሉ ሲመታ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብሎ መምረጡን ይቀጥላል። አትክልት ተራ መሃል ባቡር ሲገባ አስቡት። ለቱሪስት ተብሎ ጣሪያው የተከፈተ ትራምም አለ፣ ያው ሃዲድ ነው፣ ያው ጎዳና ነው፣ ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ነው፣ እለፉት።

ኬብል ካሩ፣ ንጎንግ ፒንግ 360። እዚህ ጋ ትንሽ እለዝባለሁ። ደርሶ መልስ ወደ 300 ዶላር ነው፣ ወለሉ መስታወት የሆነው ደግሞ ከዛም በላይ። 5.7 ኪሎ ሜትር፣ 25 ደቂቃ አየር ላይ፣ ባሕር ተሻግሮ ተራራ ለተራራ፣ ከጎን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አውሮፕላን ሲያርፍ ከላይ ሆናችሁ ታያላችሁ። ይሄን ጀልባዋ አትሰጣችሁም፣ እውነቱን መናገር አለብኝ። ግን ንፋስ ሲነሳ ይቆማል፣ ለገመድ ጥገናም በዓመት ውስጥ የሚዘጋባቸው ቀኖች አሉ፣ ስለዚህ ቀኑን ሳታጣሩ አትሂዱ። በ2007 ማታ ከተዘጋ በኋላ ሲፈትሹት አንድ ባዶ ካቢን ወድቆ ለወራት ተዘግቶ ነበር፣ ሰው አልተጎዳም፣ ከዛ በኋላ አስተዳዳሪውን ቀይረዋል። ይሄን ስነግራት አንዷ ጓደኛዬ በአውቶብስ ነው የወጣችው፣ 23 ቁጥር ኬብል ካሩ ከሚነሳበት ከተንግ ቹንግ እዛው ላይ ያደርሳል፣ ዋጋው ከኬብል ካሩ ጋር አይወዳደርም።

መስታወት ወለሉን ተዉት ግን። ገንዘቡን ጨምራችሁ የምታዩት ከታች ያለ ቅጠል ነው፣ ጫማችሁን እያያችሁ ትመለሳላችሁ። ተራው ካቢን በቂ ነው፣ እንዲያውም በአንድ በኩል ብቻ ቆርጣችሁ በአውቶብስ ተመለሱ። ላይ ያለው የነሐስ ቡድሃ 34 ሜትር ነው፣ ከ1993 ጀምሮ እዛ ተቀምጧል፣ 268 ደረጃ አለው፣ ደረጃውን ለመውጣት የሚከፈል የለም። አጠገቡ ያለው የቡድሃ ገዳም የሚያቀርበው ምግብ ሥጋ የለበትም፣ ሁዳዴ ላይ ሆናችሁ ቻይና የምትመላለሱ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ሌላው ጋ "ሥጋ የለውም" ተብሎ ከመጣው ሩዝ ስር አሳማ ሲወጣ ያየ ያውቀዋል።

ለትራንዚት ብቻ ብዙ ሰዓት ያላችሁና መሃል ከተማ መግባት የማትፈልጉ ከሆነ፣ ተንግ ቹንግ ኤርፖርቱ አጠገብ ስለሆነ፣ እዛን ቀን ብቻ ኬብል ካሩ ያሸንፋል። ሌላውን ቀን አይደለም።

ሴንትራል ወደቡ ጋ ያለው ሰው አሳፍሮ የሚሽከረከረው ትልቁ ጎማ 20 ዶላር አካባቢ ነው፣ ቁመቱ 60 ሜትር፣ ልጅ ካላችሁ ግቡ። ማታ 2 ሰዓት ላይ በየቀኑ የመብራት ትርኢት አለ፣ ከ2004 ጀምሮ፣ አስር ደቂቃ ገደማ፣ በነጻ። ብዙ አትጠብቁ፣ ሌዘር ከፎቅ ወደ ፎቅ ይወረወራል፣ አለቀ። ግን በዛ ሰዓት ጀልባዋ ላይ ከሆናችሁ ሌላ ነገር ነው፣ ከ2 ሰዓት ትንሽ ቀደም ብላችሁ ተሰለፉ።

ኦክቶፐስ ካርዱን ስትገዙ 50 ዶላር ተመላሽ መያዣ ይወስዳሉ፣ ስትሄዱ መልሱና ተቀበሉ፣ ቶሎ ከመለሳችሁት ጥቂት ዶላር ይቆርጣሉ እንጂ ይሰጧችኋል። ስንቱ ሰው ነው መሳቢያው ውስጥ ሦስት ካርድ ይዞ የሚቀመጠው! አውሎ ነፋስ ሲመጣ 8 ቁጥር የማስጠንቀቂያ ምልክት ከተሰቀለ ደግሞ ጀልባውም ኬብሉም ይቆማል፣ የዛን ቀን ሆቴላችሁ ተኙ።

ባለፈው የመከርኩት ልጅ እንደነገርኩት ነው ያደረገው፣ ጠዋት በ15 ቁጥር ወጣ፣ ቀን ዲንግ ዲንግ፣ ከዛ ጀልባዋ። ማታ ደወለልኝ፣ "ወንድሜ፣ አምስት ጊዜ ተሻገርኩባት፣ እየወረድኩ እንደገና እየከፈልኩ፣ ሁሉም ተደምሮ ሰላሳ ዶላር አልሞላም" አለኝ። የጓንጁው ባቡር ግን አምልጦታል፣ ሌላ ትኬት ቆርጧል፣ የሷን ዋጋ አልነገረኝም።