ተሰፍቶ የሚሸጠው የድራኩላ ልብስ፦ ካባውን ውሰዱ፣ ሸሚዙን ተዉት

በኦንላይን ገበያ በብዛት የሚገኘው የድራኩላ (የልቦለዱ ደም መጣጭ ገጸ ባሕርይ) ልብስ ሦስት ነገር ይዞ ይመጣል፦ ቀይ ገበር ያለው ጥቁር የከፋይ ካባ፣ ጂሌና ደረቱ ላይ ዳንቴል የተደረደረበት ነጭ ሸሚዝ። ካባው ትንሽ ከተደከመበት እጅግ ያምራል፤ ጂሌውም ደህና ነው። ሸሚዙ ግን ሰውነት የሚያሳይ ስስ ፖሊስተር ስለሆነ ካባውን ለብቻው የሚሸጥ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ።

ከፋዩ ከእሽጉ የሚወጣው ተጨማዶ ነው። ካውያ በቀጥታ ካሳረፋችሁበት ጠጉሩ ተኝቶ የካውያው ቅርጽ እንደታተመ ይቀራል። ፊቱን ወፍራም ፎጣ ላይ ደፍታችሁ፣ ካውያው ጨርቁን ሳይነካ፣ ከጀርባው በእንፋሎት ብቻ አስተካክሉት።

ትልቁ ጉድለት ኮሌታው ላይ ነው። ቀጥ ብሎ ጆሮ ድረስ መቆም ሲገባው ትከሻ ላይ ይተኛል፤ በውስጡ ያለው ማጠንከሪያ እንደ ወረቀት የሳሳ ነውና። ይህን በቸልታ ማለፍ አይቻልም፣ ሰው ከሩቅ ድራኩላን የሚለየው በኮሌታው ነው። የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ1897 በወጣው የብራም ስቶከር ልቦለድ ውስጥ እንዲህ ያለ ኮሌታ የለም። የመጣው እ.ኤ.አ. በ1924 እንግሊዝ ውስጥ ከታየው ተውኔት ነው፤ ተዋናዩ ጀርባውን ለተመልካች ሰጥቶ በመድረኩ ወለል ቀዳዳ ሲሰወር ራሱን እንዲሸፍንለት ተብሎ ተሠራ። ስለዚህ ጭንቅላትን ከኋላ መሸፈን ካልቻለ ሥራውን አልሠራም።

ለማስተካከል የኮሌታውን የግርጌ ስፌት ፍቱና የድሮውን ማጠንከሪያ አውጡ። ለኮት ኮሌታ የሚሆን ጠንካራ ማጠንከሪያ በሁለት ድርብ፣ ከኮሌታው ዙሪያውን 1 ሴ.ሜ. አሳንሳችሁ ቁረጡ፤ እኩል ከሆነ ጠርዙ ላይ ይታጠፍና ጉብ ጉብ ይላል። ሁለቱን ድርብ አስቀድማችሁ አንድ ላይ ስፉ፣ ካልሆነ ውስጥ ለውስጥ ይንሸራተታሉ።

ካባው የሚታሰረው አንገት ላይ ባለች አንዲት ጥብጣብ በመሆኑ ክብደቱ ወደ ኋላ እየሳበ ጉሮሮ ያንቃል። በሁለቱ ትከሻዎች ውስጠኛ በኩል 1 ሜትር የሚሆኑ ጥብጣቦች ስፉ። እንደ ጀርባ ቦርሳ ማንገቻ ከፊት ወርደው፣ በብብት ሥር አልፈው፣ ጀርባ ላይ ካባው ሥር ይታሰራሉ፤ ሸክሙም ከጉሮሮ ወደ ትከሻ ይዛወራል።

ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ 140 ሴ.ሜ. ሲሆን ቁመቱ ከ170 ሴ.ሜ. በታች የሆነ ሰው ላይ መሬት ይጠርጋል። ለማሳጠር አትቸኩሉ፤ በክብ የተቆረጠ ጨርቅ ሰያፍ የሆነው ጎኑ በራሱ ክብደት ይለጠጣል፣ ቶሎ ከተቆረጠም ጠርዙ ኋላ ይወላገዳል። አንድ ሙሉ ቀን ሰቅላችሁ፣ የምትጫሙትን ጫማ አድርጋችሁ፣ ከመሬት 5 ሴ.ሜ. ከፍ አድርጉ። ገበሩ ከከፋዩ 2 ሴ.ሜ. ይጠር፣ ያለዚያ ቀዩ ከታች ብቅ እያለ ይረብሻል።

በሸሚዙ ምትክ ጥቁር የጥጥ ሸሚዝ እስከ አንገት ተቆልፎ ይለበስ። በልቦለዱ ውስጥ ድራኩላ መጀመሪያ በሩን ሲከፍት ሌላ ቀለም ጨርሶ የሌለበት፣ ከራስ እስከ እግሩ ጥቁር የለበሰ ሽማግሌ ነው፤ ከዳንቴሉ ይልቅ ይህ እጅግ ያስፈራል። ለአዘቦት ምሽት ደግሞ ካባው ቀርቶ ጂሌው በዚሁ ሸሚዝና በጥቁር የሱፍ ሱሪ ላይ ይበቃል። ጥጡ፣ ሱፉና ጂሌው ብርሃን የሚቀበሉበት መንገድ ስለሚለያይ ጥቁር በጥቁር ላይ አይደበዝዝም።

ሻማ በሚበራበት ግብዣ ግን ካባውን አውልቃችሁ ስቀሉት፤ ፖሊስተር ሲቃጠል ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።