የቁልፍ ሰሌዳንና ስክሪንን የሚቆልፉ ነፃ ፕሮግራሞች፦ የትኛው ለየትኛው ጉዳይ?

ኮምፒውተር መቆለፍ ሲባል ሁለት ፍጹም የተለያዩ ፍላጎቶች በአንድ ቃል ይጠቀለላሉ። አንዱ ሕፃን ልጅ ፊልም እያየ፣ ድመት በቁልፎቹ ላይ ስትረማመድ ወይም ባለቤቱ አቧራ ሲጠርግ ያልታሰበ ነገር እንዳይጻፍና እንዳይሰረዝ መከላከል ነው፤ ሌላው ደግሞ ሆን ብሎ የሰው ፋይል ለመክፈት የሚመጣን እጅ ማገድ ነው። በነፃ ከሚገኙት ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ለመጀመሪያው የተሠሩ ሆነው ሳለ ተጠቃሚው ለሁለተኛውም ይበቃሉ ብሎ ይዘናጋባቸዋል።

ለሕፃን ጉዳይ እኔ የምመርጠው ለዊንዶውስ የተሠራውን ኪድ ኪይ ሎክን ነው። በስክሪኑ ጥግ፣ ሰዓቱ አጠገብ፣ በትንሽ ምልክት መልክ ይቀመጥና የማውሱን ግራ፣ ቀኝና መካከለኛ ቁልፍ፣ መሽከርከሪያውንም ጭምር፣ ለየብቻ እንዲዘጉ ያደርጋል፤ የቁልፍ ሰሌዳውንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ከመዝጋት ይልቅ ፊደላቱን ክፍት ትቶ ሌሎቹን ብቻ መዝጋት ይቻላል። ስለዚህ ፊደል መቀጥቀጥ የሚወድ ልጅ ደስታውን ሳያጣ፣ የተከፈተው ሥራም ሳይዘጋ ይቆያል። መክፈቻው ስክሪኑ ላይ ምንም ሳይታይ በጭፍን የሚጻፍ ቃል በመሆኑ ግን ቃሉን ለዘነጋ ሰው የት ላይ እንደሳተ የሚጠቁመው ነገር የለም። እኔም አንድ ጊዜ በሌላ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ፕሮግራም መክፈቻውን ረስቼ ኮምፒውተሩን እንደገና ለማስነሣት ተገድጃለሁ፤ ያላስቀመጥኩት ጽሑፍም አብሮ ጠፍቷል።

ብሉላይፍ ኪይፍሪዝ ከዚህ ይቀላል። መጫን አያስፈልገውም፤ በነባሪ ቅንብሩ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ በአንድነት ሲነኩ ይቆልፋል፣ እነዚያኑ ሲደግሙም ይከፍታል። ለጽዳት ከዚህ የተሻለ አልፈልግም። በማክ ላይ ይህንኑ አገልግሎት ኪቦርድ ክሊን ቱል ይሰጣል።

ሁለቱም የዊንዶውስ ፕሮግራሞች፣ መሰሎቻቸውም፣ የማይደርሱበት አንድ ጥምረት አለ፤ እሱም ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊት ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚሠሩት የተነካው ቁልፍ ወደ ሌሎች ፕሮግራሞች ከመድረሱ በፊት መንገድ ላይ ጠብቀው በማስቀረት ሲሆን፣ ይህን ጥምረት ግን ዊንዶውስ ሆን ብሎ ለራሱ አስቀርቶታል፤ ምክንያቱም የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ገጽ እውነተኛው እንጂ ሌላ ፕሮግራም የደቀነው ማታለያ አለመሆኑን ተጠቃሚው የሚያረጋግጥበት መንገድ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ትንሽ ዕውቀት ያለው አዋቂ በዚህ በር ይገባል። ኮምፒውተሩን የሚያጠፋውን ቁልፍ ተጭኖ የሚይዝንም እጅ የሚያግደው ፕሮግራም የለም።

ከዚህ አሠራር የሚመነጭ አንድ ሥጋትም አለ። የሚነካውን ቁልፍ ሁሉ የሚያግድ ፕሮግራም ያንኑ መመዝገብም አይሳነውም፤ ስለዚህ ከሠሪው ገጽ እንጂ የሌሎችን ሥራ ሰብስቦ ከሚያድል ድረ ገጽ ማውረድ አይገባም።

ስክሪኑ እየታየ መቆለፍን በተመለከተ ሊኑክስ ላይ ያለው ኤክስቲአርሎክ ጥሩ ምሳሌ ነው። መስኮቶቹ ሁሉ እንደተከፈቱ ይታያሉ፣ ጠቋሚው ወደ ትንሽ ጓጉንቸር ይለወጣል፣ የሚከፈተውም በተጠቃሚው የይለፍ ቃል ነው። ረጅም ሥራ ሲካሄድ ከሩቅ ለመከታተል ምቹ ቢሆንም እስከ 2.10 ባሉት እትሞቹ የብዙ ጣት ንክኪን የማያግድ መሆኑ ተደርሶበታል፤ የሚታየውን ጽሑፍ ከአላፊ አግዳሚ ዓይን እንደማይሰውርም ግልጽ ነው።

ፋይሎቹን ከሰው ለመጠበቅ ለሚፈልግ ሰው ምንም የሚወርድ ነገር አያሻውም። በዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከኤል ጋር፣ በማክ ላይ ኮንትሮልን ከኮማንድና ከኪው ጋር መንካት በቂ ነው፤ እነዚህ ስክሪኑንም ይሸፍናሉ፣ የይለፍ ቃልም ይጠይቃሉ። በእኔ ኮምፒውተር ላይ ከወረዱት ሁሉ የቀረው ኪድ ኪይ ሎክ ብቻ ነው፤ መክፈቻ ቃሉንም በወረቀት ጽፌ መሳቢያ ውስጥ አኑሬዋለሁ።