ፌስታልን በምን እንተካው? የማዳበሪያ ቦርሳ፣ ዘንቢል፣ አቡጀዴና የሱፐርማርኬት ቦርሳ ሲነጻጸሩ

ፌስታል ማምረትን፣ መሸጥንና መጠቀምን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከጸደቀ ወዲህ፣ በእኛ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጎረቤታሞች ለቡና በተጠራራን ቁጥር «ታዲያ ምን ይዘን ገበያ እንውጣ?» የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ቀርቶ አያውቅም። ጥያቄው ኪስን የሚነካ ነው፤ ፌስታል ሲጠቀም የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ሊቀጣ እንደሚችል በአዋጁ ተደንግጓልና። ከዚያ በፊትም ቢሆን ሕግ ጠፍቶ አልነበረም፤ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር፤ ሆኖም ስሱ ፌስታል ከጉሊቱ ጠፍቶ አያውቅም፤ ከቤታችን ጀርባ ባለው ማሳ የሚግጡት ከብቶችም ከሣሩ ጋር ሲያላምጡት እናያለን።

እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ከሩዝ ወይም ከዱቄት ማዳበሪያ በሰፈር ልብስ ሰፊ የተሰፋ ቦርሳ ያዙ እላለሁ። ከዚህ በታች ሌሎቹንም አማራጮች አነሣለሁ፤ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ቢያጋድል ግን አንባቢ አይገረም።

በመጀመሪያ ብዙ ሰው በዐይኑ ወድዶ የሚገዛውን፣ በሱፐርማርኬት መውጫና በየሱቁ በር ተንጠልጥሎ የሚታየውን ባለቀለም ቦርሳ እንመልከት። ሲነካ ጨርቅ ይመስላል፤ ከጥጥ ጋር ግን ዝምድና የለውም። የፖሊፕሮፒሊን ክሮች ሳይሸመኑ በሙቀት ተጨፍልቀው የተጣበቁበት በመሆኑ፣ ተፈጥሮን ስለመጠበቅ የሚያወራ ጽሑፍ ቢታተምበትም እርሱ ራሱ ፕላስቲክ ነው። በሰፈራችን ሱቆች ለትንሹ 30 ብር፣ ለትልቁ ከ50 እስከ 70 ብር ሲጠየቅ ሰምቻለሁ። ደህናው ዓይነት መኖሩን አልክድም፤ በካሬ ሜትር 80 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝንና ዙሪያውን በክር የተሰፋ ከሆነ በቂ ጊዜ ያገለግላል። በገበያው የበዛው ግን የእርሱ አስመሳይ ነው። ወደ ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት ከበስተጀርባው ያለችውን ጣት ያሳያል፤ ማንጠልጠያውም በክር ከመሰፋት ይልቅ በሙቀት ማሽን ነጥብ ነጥብ ተደርጎ የተለጠፈ ነው።

አምስት ኪሎ ድንች ተይዞበት ከታክሲ መውረጃ እስከ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ መጀመሪያ የሚከዳው ይህ ማንጠልጠያ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ቲማቲሟን ከሦስተኛ ፎቅ ደረጃ እስከ ምድር ቤት እየተከተለች የለቀመችው በእንዲህ ዓይነቱ ቦርሳ ምክንያት ነበር፤ ቦርሳው ከተገዛ ገና ሳምንት አልሞላውም። ከዚያም የባሰው ነገር አለመጠገኑ ነው። ሊስትሮው በወስፌ ሲወጋው ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል እንጂ ክሩን አይዝም፤ የሠፈሩ ሊስትሮም «ይህን ከምሰፋልሽ ገንዘብሽን ልመልስልሽ» ብሎ መለሳት። ሻጩ በበኩሉ «ርካሽ ነው፤ ሌላ ግዢ» አላት። እኔ የማልስማማው በዚህ «ርካሽ» በተባለው ላይ ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ በዚሁ መንገድ አልፋለች። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 ፌስታል ከከለከለች በኋላ ገበያዋን የሞላው ይኸው ያልተሸመነ ቦርሳ ነበር፤ አምራቾች በዋጋ እየተሽቀዳደሙ ሲያሳሱት ተደጋግሞ ሊያዝ የማይችል ዕቃ ሆነ፤ በመጨረሻም የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከማርች 2019 ማብቂያ ጀምሮ እርሱንም እንደሚያግድ አስታወቀ። ስለዚህ ዛሬ 60 ብር አውጥቶ ይህን ስስ ቦርሳ የሚገዛ ሰው፣ በውድ ዋጋ ፌስታል እንደ ገዛ ቢቆጥረው አይሳሳትም።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። ባዶ የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ከሩዝና ከዱቄት ነጋዴ፣ ወይም ከዳቦ ቤት፣ ከ30 እስከ 50 ብር ይገኛል፤ ደንበኛ ለሆነ ሰው በነጻ የሚሰጡም አሉ። ለማንጠልጠያ የሚሆን ጥብጣብ 30 ብር ገደማ፣ የልብስ ሰፊው የእጅ ዋጋ ከ50 እስከ 80 ብር ነው። ሁሉም ተደምሮ በ130 ብር አካባቢ አንድ ትልቅ ቦርሳ ይወጣል፤ ከትራፊውም ለእንቁላልና ለቃሪያ የምትሆን ትንሽ ቦርሳ ይወጣል። በአንጻሩ ሻጮች ለትልቅ ፌስታል 10 ብር ሲያስከፍሉ ነበር፤ በሳምንት ሁለት ብቻ የሚገዛ ቤተሰብ ሁለት ወር ሳይሞላው 130 ብሩን ያወጣል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው፤ ቦርሳው ደግሞ በሁለት ወር የሚያልቅ ዕቃ አይደለም።

ዋናው ነገር ትክክለኛውን ማዳበሪያ መምረጥ ነው። የዩሪያም ሆነ የሌላ የእርሻ ማዳበሪያ፣ እንዲሁም በመድኃኒት የታሸ ዘር የነበረበትን ከረጢት ለምግብ መያዣ ፈጽሞ አይውሰዱ፤ ታጥቦ ንጹሕ ቢመስልም አይታመንም። በከተማ ዳር ስለምንኖር እንዲህ ያለው ከረጢት ከአካባቢው ገበሬዎች በቀላሉ ይገኛል፤ በርካሽ መገኘቱ እንዳያታልለን። የሲሚንቶው ከረጢት አቧራው ከሽመናው ውስጥ ስለማይወጣ አይጠቅምም። የስኳሩ ጥሩ ነው፤ ግን ሳይታጠብ ከተሰፋ ጉንዳን ይጠራል። ከሁሉ የምመርጠው ባለሥዕሉን የሩዝ ማዳበሪያ ነው፤ በላዩ የተለጠፈው ስስ ሽፋን ውሃ ስለማያሳልፍ በክረምት ታክሲ ስንጠብቅ ዱቄቱን ከዝናብ ያድነዋል፤ ከቲማቲም የሚወጣውን ውሃም በቀላሉ በጨርቅ መጥረግ ይቻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ፀሐይ ነው። የማዳበሪያው ክር ፖሊፕሮፒሊን ስለሆነ ለብዙ ጊዜ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይደርቅና ይበጣጠሳል። ነጋዴው በር ላይ አስጥቶ ያቆየውን ከመግዛትዎ በፊት ጠርዙን በሁለት ጣት ያሹት፤ ብናኝ በእጅዎ ላይ ከቀረ ወይም ክሩ በትንሽ መሳብ ከተበጠሰ፣ በነጻ ቢሰጥዎትም አይቀበሉ። የተሰፋውንም ቦርሳ አጥበው ጥላ ላይ ያስጡት እንጂ በረንዳ ላይ ለቀናት አይተዉት።

ሦስተኛው ስፌቱ ነው፤ ጥሩውና መጥፎው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የተቆረጠ የማዳበሪያ ጠርዝ ይተረተራል፤ ስለዚህ ሰፊው ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፎ እንዲሰፋው፣ ከማጠፉ በፊትም በሻማ ነበልባል ለኮስ እንዲያደርገው ይንገሩት። ክሩ የናይለን ይሁን፤ የጥጥ ክር በእርጥበት ይበሰብሳል። ማንጠልጠያው ከአፉ ላይ ብቻ የተሰፋ ከሆነ ሥራው ከሱፐርማርኬቱ ቦርሳ አይሻልም። ጥብጣቡ ከአንዱ ጎን ወርዶ፣ በቂጡ ሥር ዞሮ፣ በሌላው ጎን መውጣት አለበት፤ ያኔ ሽንኩርቱን የሚሸከመው ጥብጣቡ ይሆናል፣ ማዳበሪያው ዕቃው እንዳይበተን ብቻ ይጠብቃል። ብዙ ልብስ ሰፊዎች ጥብጣብ ለመቆጠብ ሲሉ ይህን አይወዱትም፤ አሥርና ሃያ ብር ጨምሮ ማስደረጉ ያዋጣል። የአሮጌ መኪና የወንበር ቀበቶ ያገኘ ሰው ከዚያ የተሻለ ማንጠልጠያ አይፈልግ፤ እጅን አይቆርጥም፣ አይበጠስም። ስፌቱ ቢፈታ እንኳ ማንኛውም ሊስትሮ ተቀምጦበት ሳይነሣ መልሶ ይሰፋዋል፤ 20 ብር ቢጠይቅ ነው።

ዘንቢልን የሚወድዱ ሰዎች እዚህ ላይ እንደሚቆጡ አውቃለሁ። እኔም እወደዋለሁ፤ ቆሞ ስለሚቀመጥ ሻጭዋ ስትገለብጥበት የሚይዝ ሰው አያስፈልግም፣ እንቁላልም ሆነ ቲማቲም አይጨፈለቅበትም። ቅዳሜ ጠዋት ወደ አቃቂ ገበያ ታስቦበት ለሚወጣ ሰው ከማዳበሪያው ይልቅ ይስማማዋል ብል ከእውነት አልርቅም። ችግሩ ዋጋውና ግዙፍነቱ ነው። ከፕላስቲክ ጥብጣብ የተሠራው መካከለኛ ዘንቢል እስከ 350 ብር ተጠይቆበታል፤ ተከራክሮ 280 ያደረሰው ሰው ጎበዝ ነው። ለዚህ ገንዘብ ደግሞ አስመሳይ እንዳይሰጡዎት መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከተጣለ ፕላስቲክ ተደጋግሞ በቀለጠ ጥብጣብ የሚሠራው ዘንቢል በቀለሙ ከጥሩው ጋር አንድ ነው። አንዱን ጥብጣብ ከጠርዙ አጠፍ ያድርጉት፤ የታጠፈበት ቦታ ነጥቶ መሰንጠቅ ከጀመረ ይተዉት። ማንጠልጠያው በውስጡ ሽቦ ያለበት ከሆነም ሽቦው ዝጎ ከመጋጠሚያው ላይ ጥብጣቡን ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ ሽቦውን አውጥቶ በናይለን ገመድ መተካት ነው፤ ሥራው ለማንም አይከብድም። የሰሌኑ ዘንቢል በመልኩ ከሁሉ ይበልጣል፤ ነገር ግን እርጥብ ሆኖ ከተቀመጠ ይሻግታል፣ ሲደርቅም ከታች ጀምሮ ይሰባበራል፤ ለእርጥብ አትክልት ባይውል እመክራለሁ።

ከሥራ ወጥቶ በሚኒባስ ለሚመለስ ሰው ግን ሁለቱም ዘንቢሎች አይሆኑም። ሰው በተጠጋጋበት ወንበር ላይ ረዳቱ ለዘንቢሉ ተጨማሪ ሒሳብ ሲጠይቅ፣ ወይም የጥብጣቡ ጫፍ የጎረቤትን ልብስ ሲስብ ማየት የተለመደ ነው። የማዳበሪያ ቦርሳ ታጥፎ በእጅ ቦርሳ ውስጥ ወይም በኮት ኪስ ይገባል፤ ፌስታል የሚገዛውም በአብዛኛው ቦርሳ የሌለው ሰው ሳይሆን ቦርሳውን ቤት ትቶ የወጣ ሰው ስለሆነ፣ ይህ ባሕርይው ብቻውን ለእኔ ምርጫውን ይወስነዋል።

የአቡጀዴ ቦርሳ ይቀረናል። ለዳቦና ለእንጀራ ከእርሱ የተሻለ የለም፤ ትኩስ እንጀራ ከፌስታል ውስጥ አልቦት ቶሎ የሚሻግተው አየር ስለማያገኝ ነው፣ አቡጀዴ ግን ላቡን ያሳልፈዋል። ለድንችና ለሽንኩርት ከዋለ ደግሞ አፈሩ አይለቀውም፤ በተደጋጋሚ መታጠቡም ለውሃ ችግረኛው ሰፈራችን አይመችም። በዋጋም ቢሆን ጨርቁ፣ ስፌቱና ማንጠልጠያው ተደምረው ከ200 ብር አያንስም። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት፣ የጥጥ ቦርሳ በአየር ንብረት ላይ ካለው ጫና አንጻር አንድ ጊዜ ብቻ ከሚያገለግል ስስ ፌስታል እንዲሻል ቢያንስ 131 ጊዜ መያዝ አለበት፤ ያልተሸመነው የፖሊፕሮፒሊን ቦርሳ ደግሞ 11 ጊዜ። ስብሰባ ላይ በነጻ የታደሉ የጥጥ ቦርሳዎችን ቁም ሣጥን ውስጥ የደረደረ ሰው እንግዲህ ለተፈጥሮ የዋለው ውለታ የለም። የሩዙ ማዳበሪያ ግን 50 ኪሎ ሩዝ አድርሶ ዋና ሥራውን የፈጸመ ነው፤ ከእኛ ጋር የሚቆይበት ጊዜ ሁሉ ጭማሪ ነው።

ሥጋ ለመግዛት የትኛውም ቦርሳ ብቻውን አይበቃም፤ ክዳን ያለው ሳህን ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ይዘው ሄደው በቦርሳው ውስጥ ያስቀምጡት። ሥጋ ቤቱ ዕቃውን መጀመሪያ ባዶውን መዝኖ እንዲቀንስልዎት ማስታወስ ግን የእርስዎ ድርሻ ነው፤ የዛሬ የሥጋ ዋጋ የሳህን ክብደት የሚከፈልበት አይደለም።

ቦርሳውን ለማሰፋት የሚፈልግ ሰው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም ማብቂያ ባይሄድ ይመረጣል። በዚያ ወቅት ልብስ ሰፊዎች በተማሪዎች ዩኒፎርም ስለሚጠመዱ ሥራውን ያዘገያሉ፣ ዋጋም ይጨምራሉ። በሌላ ጊዜ ማዳበሪያውን አጥበውና አድርቀው ይውሰዱለት፤ ቀብድ ይስጡት እንጂ ሙሉውን አስቀድመው አይክፈሉ። ሲያስረክብዎት አጠገቡ ካለው ጉሊት አሥር ኪሎ ድንች አስመዝነው ይሙሉበት፣ በማንጠልጠያው አንሥተው ጥቂት ያወዛውዙት፤ ስፌቱ ድምፅ ካላሰማ ቀሪውን ሒሳብ ይክፈሉ።