የእቃቃ የእንጨት ምግብ፦ ባለ ቬልክሮ፣ ባለ ማግኔት ወይስ የአናጺ ሥራ?

ልጁ ሦስት ዓመት ካልሞላው ብዙ ማመንታት አያስፈልግም፤ ሀዋሳ ውስጥ ለአናጺ ማዘዝ ይሻላል። ከዚያ በላይ ለሆነው ግን ቁራጮቹ በቬልክሮ (ተጣብቆ በሚላቀቅ ሻካራ የጨርቅ ማያያዣ) የተያያዙት፣ ማለትም ባለ ቬልክሮው ጥሩ ነው።

ባለ ቬልክሮው ካሮትና ዳቦ በእንጨት ቢላ ሲቆረጥ ጭርር ይላል፤ ልጆች የሚወዱትም ይህንኑ ነው። ድክመቱ ኮላው ላይ ነው። ክቧ ቬልክሮ ደጋግማ ስትላቀቅ ከእንጨቱ ትነሳና ልጅ አፍ ውስጥ ትገባለች። ከመግዛትዎ በፊት ጠርዟን በጥፍር ፈልቀቅ አድርገው ይሞክሩ። ቀለሙንም በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ይሹት፤ ከለቀቀ ይተዉት። ቤት ውስጥ ቬልክሮዋ ከተነሳች አሮጌውን ኮላ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ እንደገና መለጠፍና ተጭኖ ማሳደር ነው። ሳፋ ውስጥ አይዘፍዝፉት፤ እንጨቱ ያብጣል፣ ቀለሙም ይላጣል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ወዲያው ማድረቅ ይበቃል።

ባለ ማግኔቱ ያምራል፣ አያያዙም ቶሎ አይደክምም። እኛ ግን አንመክረውም። ወልቀው የወጡ ሁለት ማግኔቶችን ልጅ ከዋጠ አንጀቱን መሃል አድርገው ይሳሳቡና ይበሱታል።

ለአናጺ ሲያዙ እንጨቱ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ከሆነ በበጋ ይሰነጠቃል። ከዕቃ ሥራ የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ ይበቃል። ጠርዙ ይክበብ፤ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ220 ይለስልስ። በቫርኒሽ ፋንታ ንጹህ የንብ ሰም በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጦ በጨርቅ መቀባት ነው። የምግብ ዘይት ግን አይሆንም፤ እንጨቱ ላይ ቆይቶ ይሸታል። መጠኑን ሶፍት በሚጠቀለልበት የካርቶን ቱቦ ይለኩ፦ በቀዳዳው የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ለትንሽ ልጅ አይሰጥም። እንቁላልና ሎሚ ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ነው።

የአናጺው ትልቁ ጥቅም የቤቱን ምግብ መሥራቱ ነው። ከውጭ የሚመጣው ካርቶን ፒዛና እንጆሪ ይዞ ይመጣል፤ በሀዋሳው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ዓሣ ሲገፈፍ ያየ ልጅ ግን የእንጨት ቆሮሶ ዓሣ ቢሰጡት ጨዋታው ይደራል። አቮካዶ፣ ስኒና ረከቦትም በቀላሉ ይወጣሉ። ጀበና ካዘዙ እጀታው ወፍራም ይሁን፤ ቀጭኑ በእንጨቱ ጭረት በኩል ቀድሞ ይሰበራል። እንጀራውን ግን ለአናጺ አይስጡ፤ የእንጨት እንጀራ አይጠቀለልም። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ወፍራም ጨርቅ ይሻላል።