«?» የተባለው ቡና ቤት፦ በልዑል ሚሎሽ በርጩማ ላይ ያሳለፍኩት ዓርብ

ቪየና በምሠራበት የሆስፒታል ወጥ ቤት ብዙዎቹ ባልደረቦቼ ከሰርቢያ የመጡ ናቸው። ቤልግሬድ ልሄድ መሆኑን ስነግራቸው አንዷ የያዘችውን ድስት አስቀምጣ «ሌላውን ሁሉ ብታየውም ባታየውም ግድ የለም፤ ጥያቄ ምልክት ሳትገባ ግን እንዳትመለስ» አለችኝ። የቤት ስም መሆኑን የተረዳሁት እዚያው ደርሼ ነው። ከቅዱስ ሚካኤል ካቴድራል ፊት ለፊት፣ በንጉሥ ፔታር ጎዳና ቁጥር 6፣ አንድ ነጭ አሮጌ ቤት አለ። ምልክቱ ላይ የተጻፈው «?» ብቻ ነው።

በ1892 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው) ባለቤቱ ቡና ቤቱን በካቴድራሉ ስም ሊጠራው አሰበ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ግን መጠጥ የሚሸጥበት ቤት በቤተ ክርስቲያን ስም አይጠራም ብለው ተቃወሙት። ነገሩ እስኪለይለት ድረስ ብሎ የጥያቄ ምልክት ሰቀለ፤ ምልክቱም እስከ ዛሬ አልወረደም።

ሰርቦች እንዲህ ያለውን ቤት «ካፋና» ይሉታል። ከቡና የወጣ ስም ነው፤ እንደ እኛ አገር ቡና ቤት ሁሉ ግን ስሙ ቡና ይሁን እንጂ መጠጥም ምግብም ወሬም አለበት። ገብቼ መጀመሪያ ያየሁት በርጩማውን ነው። ሦስት እግር ያለው፣ ዝቅ ያለ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ባይሆንም አያታችን ቤት ከነበረው የማይለይ። ጠረጴዛውም ዝቅ ያለ ስለሆነ ምግቡ ጉልበትህ ዘንድ ይቀርባል፤ ከጎንህ ካለው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ትነካካለህ። የዕለቱ ቀን ዓርብ ነበርና አስተናጋጁን «ፖስኖ አለ?» አልኩት። ጾም ማለት ነው፤ ይህችን አንዲት ቃል ከባልደረቦቼ ተምሬአት ነበር። ሰውየው ሽማግሌ ናቸው፤ ፊታቸው በራ። እነሱም እንደ እኛ ረቡዕና ዓርብን ይጾማሉ። በሸክላ ሳህን ፕሬብራናጽ አመጡልኝ፤ ነጭ ባቄላ ከብዙ ሽንኩርትና ከቀይ በርበሬ ጋር በምድጃ ተጋግሮ ላዩ ሞቅ ያለ ቅርፊት የያዘ። በትኩስ ዳቦ እየጠቀስኩ ሳህኑን አጸዳሁት። ቡናው ጄዝቫ በምትባል ረጅም እጀታ ባላት ትንሽ ማፍያ ተፈልቶ፣ አተላው ሳይጠለል፣ ከአንድ ብርጭቆ ውኃና ከአንዲት ጣፋጭ ጋር ይመጣል። እኔ ቡና ላይ የዋዛ ሰው አይደለሁም፤ ይህ ጥሩ ቡና ነው፤ አተላው እስኪሰክን መታገሥ ብቻ ነው።

ለምን ይህን ቤት መረጥኩ ብትሉኝ፣ ያሠራው የሰርቢያ ገዥ የነበረው ልዑል ሚሎሽ ኦብሬኖቪች ስለሆነ ነው። በ1823 አስገነባው፤ ቆይቶም ለሐኪሙ ለቶማ ሰጠው፤ ቶማም ቡና ቤት ከፈተበት። ሰርቦች ሐኪሙን «ኤቺም ቶማ» ይሉታል። ኤቺም በቱርኮች በኩል የገባ ቃል ነው፤ የእኛው «ሐኪም» ከመነጨበት ከዐረብኛው ምንጭ የተቀዳ። ይህን አስተናጋጁ ሽማግሌ ሲነግሩኝ «ሐኪም» እያልኩ ደጋገምኩላቸው፤ እሳቸውም ከእኔ ጋር «ሐኪም፣ ሐኪም» አሉ።

ጠዋት ላይ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የአስጎብኚ ድርጅት ገንዘቤን ተቀብሎ በዚሁ ሰፈር አዙሮኝ ነበር። አስጎብኚው ወጣት ትሑት ልጅ ነው፤ ነገር ግን ስለ ሚሎሽ የነገረን ግማሹን ነው፤ እሱም ለፎቶ ማንሻ በሚሆን ፍጥነት። ግማሽ ታሪክ ደግሞ ገንዘብ የሚከፈልበት አይደለም። ሚሎሽ የድሃ ቤት ልጅ ነው፤ በወጣትነቱ ከብት ይነዳ ነበር፤ ማንበብም መጻፍም አልቻለም። ሰርቢያ በቱርኮች አገዛዝ ሥር ሳለች፣ በ1815 በሆሳዕና ቀን ታኮቮ በምትባል መንደር ቆሞ «እነሆ እኔ፣ እነሆ እናንተ፤ ጦርነት በቱርኮች ላይ!» እንዳለ ይነገራል። ጦርነቱን በጥቂት ወራት አቁሞ የቀረውን ዐሥራ አምስት ዓመት በድርድር፣ በትዕግሥትና በጉቦ ገፋው፤ በ1830 ሱልጣኑ ሥልጣኑ በዘር የሚወረስ የሰርቢያ ልዑል መሆኑን አጸደቀለት። ይህን ልጁ ነግሮናል።

ያልነገረን የበሬውን ነገር ነው። በሚሎሽ ዘመን የቱርክ ባላባቶች ሥርዓት ሲፈርስ መሬቱ ለሚያርሰው ገበሬ ሆነ። በ1836 ደግሞ የገበሬው ቤት፣ ጥቂት መሬት፣ ጥማድ በሬውና ላሙ በዕዳ ምክንያት እንዳይሸጡበት ተደነገገ። አባቴ የጭሰኛ ልጅ ነው፤ «በሬው ከተወሰደ ሰውየው ምን ቀረው?» ሲል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ፊደል የማያውቅ ገዥ ይህን ማወቁ ልቤን ነካኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የወጣው ሕገ መንግሥትም የሰርቢያን መሬት የረገጠ ባሪያ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነፃ ነው ይል ነበር፤ ኃያላኑ መንግሥታት ስላልወደዱት በሳምንታት ውስጥ ተሻረ እንጂ።

ሁለተኛውም ግማሽ ግን አለ፤ እሱንም መሸሸግ አይገባም። የከብት ንግዱን በእጁ ጠቅልሎ ባለጸጋ ሆነ፤ ተቃዋሚዎቹን ያለ ርኅራኄ ቀጣ። ከሁሉ የከፋው የካራጆርጄ ሞት ነው። በቱርኮች ላይ የተነሣውን የ1804ቱን አመፅ የመራው ካራጆርጄ በ1817 ከስደት ተደብቆ ተመለሰ። የደበቀው አበልጁ ቩይትሳ ቩሊቼቪች ነው፤ አሳልፎ የሰጠውም እሱ። ካራጆርጄ በሚሎሽ ትእዛዝ በተኛበት ተገደለ፤ የተቆረጠ ራሱም ለቱርኩ ገዥ ለፓሻው ቀርቦ ከዚያ ወደ ኢስታንቡል ተላከ። አበልጅነት በሰርቦች ዘንድ እንደ እኛ ከሥጋ ዝምድና የማያንስ ማሰሪያ ነው። ቩይትሳ በዓመቱ በእንጨት አንዲት ቤተ ክርስቲያን ሠራ፤ ስሟ ፖካይኒትሳ ነው፤ ንስሐ ከሚለው ቃል የወጣ። በሁለቱ ቤተሰቦች፣ በሚሎሽና በካራጆርጄ ዘር፣ መካከል የፈሰሰው ደም እስከ 1903 ድረስ ቀጠለ፤ በዚያ ዓመት የኦብሬኖቪች ቤት የመጨረሻው ንጉሥ ከሚስቱ ጋር ተገደለና የካራጆርጄ የልጅ ልጅ ፔታር ዙፋኑን ያዘ። ቡና ቤቱ ያለበት ጎዳና የተሰየመው በእሱ ነው። ሚሎሽ ያሠራው ቤት በካራጆርጄ የልጅ ልጅ ስም በሚጠራ መንገድ ላይ ቆሟል። ይህን ሳስብ ቡናዬ ቀዘቀዘ።

ለሚሄድ ሰው የምመክረው ያለ አስጎብኚ መሄድን ነው። መጀመሪያ ካቴድራሉ ግቡ፤ ሚሎሽ በ1860 ካረፈ በኋላ የተቀበረው እዚያ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑንም ያሠራው እሱ ነው። ቀጥላችሁ በጥቂት እርምጃ ርቀት ወዳለው የሚስቱ የሊዩቢትሳ ቤት ሂዱ። በ1831 የተጠናቀቀ ነው፤ አሁን ሙዚየም ሆኗል። አንደኛው ክፍል እንደ ቱርኮቹ ዙሪያውን ዝቅ ያለ መቀመጫ የተነጠፈበት ነው፤ ሌላው ደግሞ የቪየና ወንበርና መስታወት ያለበት፤ ሁለቱ ዘመናት በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ሚሎሽ ግን የቱርክ ጦር በከተማዋ ምሽግ ውስጥ በቅርብ ስለነበር እዚህ ብዙ አላደረም። ሁለት ሰዓት ይበቃችኋል። ከዚያ ተሻግራችሁ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ግን ይህን ይወቁ፤ መነሣቱ ከመቀመጡ ይከብዳል። እኔ ስነሣ ሽማግሌው አስተናጋጅ እጃቸውን ዘርግተው አነሡኝ።

በመጪው ዓመት ፈቃድ ስወጣ ወደ ፖካይኒትሳ እሄዳለሁ፤ ባልደረባዬ የእናቷ መንደር ከዚያ ቅርብ ነው ብላኛለች።