«ካርዱ ተቃጥሏል» ሲሏችሁ ገንዘብ አታውጡ፦ በጅማ ያገለገለ ላፕቶፕ ለምትገዙ

በጅማ ያገለገለ ላፕቶፕ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ በተለይ ለትምህርታችሁ የምትፈልጉት ተማሪዎች፣ አንዲት ማታለያ አለችና ስሟት። ላፕቶፑ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለው ነጻ ሲስተም ተጭኖበት በቅናሽ ይሸጥላችኋል። ሱቁ ውስጥ ይበራል፣ ይጽፋል፣ ፊልም ያጫውታል። ቤት ስትደርሱ ግን ዋይፋዩ የውሃ ሽታ ይሆናል። መልሳችሁ ስትወስዱት «የዋይፋይ ካርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» ተብሎ ሌላ ክፍያ ይጠራል። ካርዱ ግን ደህና ሊሆን ይችላል፤ የጎደለው ድራይቨር የሚባለው፣ ካርዱን ከሊኑክስ ጋር የሚያግባባ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ብቻ ነው።

የአክስቴ ልጅ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ትማራለች። በዚህ ዓይነት አንድ የኤችፒ ላፕቶፕ ገዛች። ሻጩ ለካርድ መቀየሪያ 2,500 ብር ጠየቃትና 1,000 ብር ቀብድ ተቀበለ። በማግስቱ «ቀይሬልሻለሁ፣ ነገር ግን አዲሱንም ሊኑክስ አልተቀበለውም፤ ዊንዶውስ ልጫንልሽ» ብሎ ለመጫኛ ተጨማሪ ገንዘብ ጠየቀ። እኔን የጠራችኝ ይሄኔ ነው።

አብረን ሄድን። እዚያው ባንኮኒው ላይ ተርሚናል የሚባለውን የትዕዛዝ መስኮት ከፈትሁና ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ የሚሉትን አምስት የእንግሊዝኛ ፊደላት በትንንሹ አያይዤ ጻፍሁ። ይህ ትዕዛዝ በማሽኑ ውስጥ የተሰኩትን ካርዶች በስማቸው ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ መካከል «ብሮድኮም 43142» የሚል የዋይፋይ ካርዱ መስመር ቁልጭ ብሎ ወጣ። የጀርባው ክዳን እንዲከፈት ጠየቅሁ። ካርዱን የያዘችው ትንሽዬ ብሎን ዙሪያዋን አቧራ ተጋግሮባታል፤ የካርዱ ተለጣፊ ጠርዙ ብጫ ሆኗል።

«ወንድሜ፣ ይህ ካርድ መቼ ነው የተቀየረው?» አልሁት።

ዓይኑን በጨው አጥቦ «መታየቱ ይሠራል ማለት አይደለም» አለኝ።

በአነጋገሩ ውስጥ ትንሽ እውነት አለች፣ አልክድም። ስሙ በዝርዝር የወጣ ካርድም ቢሆን ሁለቱ ቀጫጭን የአንቴና ሽቦዎች ከላዩ ከተነቀሉ ኔትወርክ በደንብ አይዝም። ይህን ግን ሽቦውን መልሶ በመሰካት ማየት ይቻላል። ጨርሶ የሞተ ካርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዝርዝሩ ይጠፋል። ስለዚህ «ተቃጥሏል» የሚላችሁን ሰው መጀመሪያ ዝርዝሩን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብዙ ኢንቴል ካርዶች ድራይቨር ከሊኑክስ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ዋይፋዩ ወዲያው ይሠራል። አንዳንድ የብሮድኮም ካርዶች ግን ኩባንያው ኮዱን በዝግ የያዘው ለብቻው የሚጫን ድራይቨር ይፈልጋሉ። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ሲጫን «የሌሎች ድርጅቶችን ሶፍትዌር ጨምር» የሚል ምርጫ ያቀርባል። ጫኙ ቸኩሎ ካለፈው ዋይፋዩ ከነጭራሹ ላይታይ ይችላል። አስቂኙ ነገር ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ የሚመጣው በድራይቨሩ ነው። ገዢውን አቅም አሳጥተው መልሰው ሱቅ የሚያስገቡት በዚህች ቀዳዳ ነው።

መውጫው ኪሳችሁ ውስጥ ነው። የአንድሮይድ ስልካችሁን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙና ከስልኩ ሴቲንግ ውስጥ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን አብሩ። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ገመድ ስለሚቆጥረው የዋይፋይ ድራይቨር አይጠይቅም። ከዚያ በኡቡንቱ «ተጨማሪ ድራይቨሮች» የሚለውን መስኮት ከፍታችሁ የብሮድኮሙን መርጣችሁ መጫን ነው። እኛም በእኔ ስልክ እዚያው ባንኮኒው ላይ ይህንኑ አደረግን። ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሳ የሱቁ የራሱ ዋይፋይ ከነስሙ ብቅ አለ። ሻጩ ያን ጊዜ ከሌላ ደንበኛ ጋር ሥራ በዝቶበት ነበር።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተጠንቀቁ። ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ ያልተረጋገጠ ሶፍትዌር የሚከለክል ጥበቃ) የተከፈተበት ማሽን ድራይቨሩ ሲጫን የይለፍ ቃል ያስመርጣችኋል፣ ሲነሳም ሰማያዊ ገጽ ያመጣል። እዚያ ገጽ ላይ ቁልፉን መዝግብ የሚለውን መርጣችሁ የይለፍ ቃሉን ካላስገባችሁ ድራይቨሩ ቢጫንም አይሠራም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዋይፋዩ እንዲሁ ጠፍቶ እንዳይሆን እዩ። በአንዳንድ አሮጌ ላፕቶፖች ጎን ላይ ማጥፊያ አለ፤ በብዙ ኤችፒዎች ደግሞ ከላይኛው ረድፍ አንዱ ቁልፍ ላይ ያለችው መብራት ብርቱካናማ ከሆነች ጠፍቷል ማለት ነው። ዋይፋዩ ተገናኝቶ ድረ ገጾች አልከፈት ካሉ ደግሞ ቀኑን ተመልከቱ። የላፕቶፑን ሰዓት የምትጠብቀው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ሞታ ቀኑ ወደ ኋላ ከሄደ፣ ድረ ገጾቹ የደኅንነት ማረጋገጫቸው ልክ አይደለም እየተባለ ይዘጋሉ። ለዚህም «ማዘርቦርዱ ነው» የሚል አይጠፋም።

ካርዱ ከምር ይቀየር ቢባል እንኳ ያገኙትን መሰካት አይሆንም። አንዳንድ አሮጌ ኤችፒና ቲንክፓድ ላፕቶፖች በባዮሳቸው፣ ማለትም ማሽኑን በሚያስነሳው ውስጠ ፕሮግራም፣ ከተመዘገቡት ውጭ ያለ ካርድ ሲሰካባቸው አይነሱም፤ ኤችፒው 104 የሚል የስህተት ቁጥር ጽፎ ቀጥ ይላል። ሲቀየር አጠገቡ ቁሙ፣ የአሮጌውንና የአዲሱን ካርድ ተለጣፊ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ አሮጌውንም ይዛችሁ ሂዱ።

ከሁሉ የሚሻለው ሳትከፍሉ መፈተሽ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? የስልካችሁን ሆትስፖት አብሩና ላፕቶፑን እዚያው ሱቅ ውስጥ አገናኙት፤ አንድ ድረ ገጽም ክፈቱበት። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር አትሸማቀቁ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ዕቃ ስለመረመረ ወይም ዋጋ ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም ይላል። ጉድለት ያለበት ዕቃ ከሆነ ደግሞ በተገዛ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል። ደረሰኝ መስጠትም የነጋዴው ግዴታ ነው። ደረሰኙ ላይ የላፕቶፑ ሞዴልና «ዋይፋዩ ተፈትሾ ይሠራል» የሚል መስመር ይጻፍላችሁ።

የአክስቴ ልጅ ቀብዷ እስካሁን አልተመለሰላትም። «የድካም ዋጋ ነው» ተብላለች። ለላፕቶፑ የተሰጣት ደረሰኝ በእጇ ስላለ፣ አሥራ አምስቱ ቀናት ሳይሞሉ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ልታስገባ ነው። ያን ቀን ያነሳናቸውን ፎቶዎችም ከማመልከቻው ጋር አያይዘናል፤ አቧራ የለበሰችው ብሎንም አለችበት።